የተርማን ሦስት ዘንጎች

ኦዜላ ፕሩት ዓሣ ተጠብሶ ሲቀርብላት እንጂ ከውኃ ሲወጣ ማየት ደስ ብሏት አያውቅም። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ የወንድሟን ደብዳቤ በቦርሳዋ ይዛ ድልድዩ አጠገብ ወዳለችው ወደ ሮስኮ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ስትገባ ሽማግሌው ባለሱቅ መንገድ የጠፋት መሰለው።

«አውቶቡሱ ተበላሸብሽ እንዴ፣ ሚስ ኦዜላ?» አላት። የልጅ ልጆቹን በምትነዳው አውቶቡስ በየቀኑ ትምህርት ቤት የምታመላልስለት እሷ ነበረች።

«አውቶቡሱ ደህና ነው። ዘንግ ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«ለምን ዓይነት አጠማመድ?»

«ዓሣ ለማጥመድ ነዋ፣ ሚስተር ሮስኮ! ጥንቸል የማጠምድበት መሰለዎት?»

ሮስኮ ሳቀ። «ባስ የሚባለው ዓሣ እኮ ጠባዩ እንደ ሰው ነው። ሣር ውስጥ የተደበቀውን የምታወጪበት ዘንግ ሌላ፣ ጥልቅ ላይ የተኛውን የምታወጪበት ሌላ። ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛም እንደዚያው። ለመሆኑ ማን ነው የሚያጠምድበት?»

ደብዳቤውን ዘረጋችለት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «ኦዚ፣ መጀመሪያ የምትገዢልኝ የሣር ዘንግ ነው። ወፍራምና ግትር ይሁን፤ ጫፉን ስትጫኚው ብዙ አይጉበጥ። ማጠንጠኛው ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠውና በአውራ ጣት የሚገታው ዓይነት ነው፤ ፈጣን ይሁን። ክሩ የተጎነጎነ። ባስ ማታለያ የሆነችውን የጎማ እንቁራሪት ቅጠል ላይ ሲውጥ ፋታ ከሰጠሽው ሥሩ ውስጥ ይገባልና አታወጪውም።»

ሮስኮ ቀና አለ። «ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል። የት ነው የሚያጠምደው?»

«የትም አያጠምድም። እስር ቤት ነው።» «ዘጠኝ ዓመቱ። ከዚያ በፊትም ከዳር ሆኖ በቀርከሃ ነው ያጠምድ የነበረው እንጂ እንዲህ ያለውን ነገር በእጁ ነክቶት አያውቅም። ከመጽሔት አንብቦ ነው።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን አንድ ጊዜ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ከግድግዳው ላይ አንዱን ዘንግ አወረደ።

ተርማን ታናሿ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ሳይጠግባት ስለሞተች አጥባ፣ አጉርሳ፣ ገርፋም ያሳደገችው እሷ ናት። በሃያ ስድስት ዓመቱ ጓደኞቹ መደብር ሊዘርፉ ሲገቡ መኪና ይዞ ደጅ የጠበቀው እሱ ነበር። ውስጥ ሰው ቆሰለ፤ በሁሉም ላይ እኩል ተፈረደ። ከዚያ ወዲህ ኦዜላ የራት ማዕድ ላይ ስትቀመጥ ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ማየት ትታለች።

ዘንጉን ገዝታ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችና «ገዝቼልሃለሁ፣ ይጠብቅሃል» ብላ ጻፈችለት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ መጣ።

«ሰቀልሽው? ምን፣ ሥዕል ነው እንዴ? አውጪውና ወርውሪበት እንጂ፣ ኦዚ! ባስ ሲይዝ ክንድ ላይ ምን እንደሚመስል መጽሔቱ አይጽፈውም። አንቺ ጻፊልኝ።»

እናም ኦዜላ ቅዳሜ ቅዳሜ የሮስኮን አሮጌ ጀልባ እየተዋሰች ዩፋላ ሐይቅ ላይ መውጣት ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ክሩ ማጠንጠኛው ላይ እንደ እብድ ጸጉር እየተንጨባረረ አስለቀሳት። ሮስኮ ከጀልባው ኋላ ተቀምጦ «አውራ ጣት! አውራ ጣትሽን አትርሺው!» እያለ ይጮኽባታል። አውራ ጣቷ ቀስ በቀስ ተማረ። በግንቦት ወር በአንዱ ማለዳ፣ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች መሐል እንቁራሪቷን ስትጎትት ውኃው ፈነዳና ዘንጉ ከእጇ ሊነጠቅ ደረሰ። ታግላ ዓሣውን አወጣችው። ያን ቀን የጻፈችው ደብዳቤ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ።

«ሦስት ጊዜ አነበብኩት» ብሎ መለሰላት ተርማን። «ከጎኔ የሚተኛውም ሰውዬ አንብብልኝ አለኝ። ማታውን ክንዴን አመመኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

ሁለተኛው ዘንግ የተገዛው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በአመክሮ የመፈታቱን ጉዳይ የሚያየው ችሎት ለመጀመሪያ ጊዜ «አይሆንም» ባለ ሰሞን ነው። ተርማን ስለ ችሎቱ አንድ መስመር ብቻ ጻፈና የቀረውን ገጽ ሁሉ በዘንግ ሞላው። አሁን የፈለገው እየተንቀጠቀጠ ወደ ታች ለሚጠልቀው፣ ለማታለያ ለሚታሰረው የእንጨት ዓሣ የሚሆን ነው። ዘንጉ ከወገቡ የሚጎብጥ ለስላሳ፣ ማጠንጠኛውም ዘገምተኛ እንዲሆን አዘዘ። ሮስኮ ግን ፈጣኑን አነሳላት።

«ዘገምተኛ የሚገዛ የለም አሁን። ፈጣኑን ይዘሽ በዝግታ ማጠንጠን ነው።»

«ተርማን ዘገምተኛ ነው ያለው።»

«ተርማን ሐይቁን ካየ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው እኮ፣ እሜቴ!»

«ቢሆንስ? ያለው ዘገምተኛ ነው።»

ሁለቱንም ተውሳ ወጣች። በፈጣኑ እጇ ሳታውቀው እየቸኮለ የእንጨቱን ዓሣ ባዶውን መለሰው፤ በዘገምተኛው አራት ባስ አወጣች። ሰኞ ሱቁ ስትገባ ሮስኮ ፊቷን አይቶ «በይ አትናገሪ። ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ» አላት። ተርማን ይህን ሲሰማ በደብዳቤው ጠርዝ ላይ ባርኔጣውን ያነሳ ሰውዬ ሣለላት።

ሦስተኛውን ዘንግ ግን ማንም አላዘዛትም። በብርዱ ወራት፣ ውኃው ሲጠራና ባሶች ቀዝቅዟቸው ጥልቅ ላይ አፋቸውን ዘግተው ሲተኙ፣ ሮስኮ ቀጭን ዘንግ አሲዟት ነበር። ማጠንጠኛው ከዘንጉ በታች ይንጠለጠላል፤ ክሩ እንደ ጸጉር የሳሳ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የጎማ ትል ትታሰራለች። ዓሣው ሲነካት መነካቷ እንኳ አይታወቅም፤ ክሩ ትንሽ ይከብዳል፣ ያ ብቻ ነው። ኦዜላ ወደደችው። ለተርማን ፍንጭ ብትሰጠው «እሱማ የሕፃን መጫወቻ ነው፣ ወንድ አይዘውም» ብሎ ጻፈ። እሷም ገዝታ ዝም አለች። ከወንድሟ የደበቀችው የመጀመሪያው ነገር እሱ ሆነ። በዚያ ዘንግ ስታጠምድ የምታስበውን አትጽፍለትም ነበር፤ እስከሚወጣ ድረስ እኔ እቆይ ይሆን? ብቆይስ የሚወጣው ያ እኔ የማውቀው ልጅ ነው? እያለች ክሩ እስኪከብድ ትጠብቃለች።

ችሎቱ ሁለተኛ ጊዜም ከለከለ። በሦስተኛው፣ ከገባ በሃያ አንድ ዓመቱ ለቀቀው።

እስር ቤቱ በር ላይ ስትጠብቀው ሽበቱን አላወቀችውም፤ አረማመዱን ግን አወቀችው። ቤት ገብቶ የሳሎኑን ግድግዳ አየና ዘንጎቹን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካቸው። የበቆሎ ዳቦ፣ ጎመንና የተጠበሰ ዓሣ አቀረበችለት፤ በአምስት ደቂቃ በልቶ ጨርሶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። የሚጠብቀው ፈቃድ እንደሆነ ገባት።

«መነሳት ትችላለህ እኮ፣ ተርማን» አለችው።

በጥቅምት መጀመሪያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሐይቅ ላይ ወጡ። ተርማን የጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ የሣሩን ዘንግ አነሳ። አቋቋሙ ልክ ነው፣ አያያዙም ልክ ነው። «ቅጠሉ ያለቀበት ጠርዝ ላይ ነው የሚሆነው፤ ፀሐይ ስለበረታች ጥላውን ይዟል» አለ። ልክ ነበር። ከዚያ ወረወረ።

ክሩ ተንጨባረረ። ቁጭ ብሎ ፈታው። ደግሞ ወረወረ፣ ደግሞ ተንጨባረረ። በአራተኛው እንቁራሪቷ ተበጥሳ ወደ ሰማይ ሄደች።

«አውራ ጣትህን...» ልትል ጀመረች።

«አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸ። «አውራ ጣት እንደሆነማ እኔ ነኝ የጻፍኩልሽ!»

ተርማን ዘንጉን ቀስ ብሎ አጋደመውና ቁጭ አለ። «አንቺ አጥምጂ፣ ኦዚ። እኔ ልይሽ። የለመድኩት እሱን ነው፤ አንቺ ታጠምጃለሽ፣ እኔ እሰማለሁ።»

«እኔ ሚስተር ሮስኮን ስንት ወር እንዳስለቀስኩ ባየህ! አንተ የደብዳቤ አጥማጅ፣ በአንድ ቀን ልትበልጠኝ ነው?»

ፈገግ አለ እንጂ ዘንጉን አላነሳም። ዓይኑ ማዶ ላይ ነበር። «ትልቅ ነበር የሚመስለኝ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ስትጽፊው ሐይቁ ትልቅ ነበር። ማታ ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ከዳር እስከ ዳር እቀዝፈው ነበር፤ ማዶው አይታይም። አሁን ያ ማዶ... ቤቶቹ ሁሉ ይታያሉ። መጥቼበት ሳለሁ እንዴት ይናፍቀኛል?»

ኦዜላ ከእግሯ ሥር ቀጭኑን ዘንግ አውጥታ ዘረጋችለት።

«ይህስ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ለራሴ የገዛሁት። ሳትስቅብኝ ያዘው።»

አገላበጠው። ከዘንጉ በታች የተንጠለጠለውን ማጠንጠኛ አየ፤ የትሏን ጭራ ዳሰሰ። ከዚያ ተቀምጦ ሳለ ወረወረው፤ ክሩ ሳይወሳሰብ እየተመዘዘ ሄዶ ትሏ ያለ ድምፅ ወረደች። እንዲህ እየወረወረ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ምንም አልነካውም፤ እሱም የከፋው አልመሰለም። በመሐሉ ፊቱን ሳያዞር ጠየቃት፦ «በዚህ ስታጠምጂ ምን ታስቢ ነበር? አልጻፍሽልኝም።»

«አንተን ነዋ» አለችው። «ሌላ ምን አለኝ?»

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተርማን ዘንጉን ጎኑ አስቀመጠና በድንገት ብድግ አለ። እግሮቹን ገጥሞ፣ እጆቹን ወደ ታች ለቆ፣ ፊቱን ወደ ባዶው ውኃ አድርጎ ቆመ። ጀልባዋ ተናወጠች። ኦዜላ ምን እንዳየ ለማየት ዞረች፤ ምንም የለም። ከዚያ ሰዓቷን ተመለከተች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። እስረኛ ሁሉ አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚቆጠርበት ሰዓት መሆኑን ከሃያ አንድ ዓመት ደብዳቤ ታውቃለች።

ልትጠራው አልደፈረችም። እጇን ዘርግታ ጃኬቱን ከኋላ ያዘች፣ ልጅ ሳለ መንገድ ሲያቋርጡ እንደምትይዘው።

«አንድ» አለች ቀስ ብላ። «ቆጥሬሃለሁ። ተቀመጥ፣ ተርማን፤ ጀልባው ይገለበጥብናል።»

ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትንሽ ቆየ፤ ትከሻው ሲናጥ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየላትም፤ ሁለቱም ሳይሆን አልቀረም። ከዚያ ቀጭኑን ዘንግ አነሳና ወደ ጥላው ወረወረ።

«ወደ ዳር አትመልሺኝ ገና» አላት። «ክሩ ከበድ ያለኝ መሰለኝ።»