ከናሙናው ጋር የመጣው ወንበር

አናጢው ለሱቁ ድረ ገጽ ሊሠራ ከሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ሲያማርጥ የእህቱ ባል ኢንጂነሩ፣ "እኔ ያልኩህን ፕሮግራም ውሰድ፤ ያኛው ለማያውቅ ሰው ነው" አለው። በሠርጉ ቀን ለሚዜዎቹ "እንጨት ጠራቢው" ብሎ ያስተዋወቀው ይኸው ሰው ነበርና፣ አናጢው እልህ ይዞት ያኛውን መረጠ። ስሙንና ስልኩን አስገባ። ፕሮግራሙ ለናሙና የለጠፈውን የወንበር ፎቶ አንስቶ የራሱን ሥራ መተካት ግን አቃተው። የሚጠይቀው ያው ኢንጂነሩን ነው፤ ከዚያስ ሞቱን መረጠ፣ እንዳለ ለቀቀው።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ድረ ገጹን አይቶ ደወለ።

"ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! እንዲህ ያለ ወንበር ከአንተ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ለኔም ሥራልኝ።"

ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረ ምስጋና ነበር።

"አንተ ድሮም ሥራዬን አይተህ አታውቅም" አለውና አናጢው ስልኩን ዘጋ። ከዚያም ፎቶውን እያየ እንጨት መለካት ጀመረ።