ሰባት ስብሰባ ለአንድ ቦይለር

በ1975 ዓ.ም. እዚህ አሰበ ተፈሪ አንዲት የውሃ ማፍያ ለመምረጥ ሰባት ጊዜ ተሰብስበናል። ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይገባል። እኔ ጀምበሩ የቡና መፈልፈያ ጣቢያው ጸሐፊ ስለነበርኩ ሰባቱንም ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ደብተሩን ባየሁ ቁጥር አሁንም ያንገሸግሸኛል።

ነገሩ የተጀመረው በአዴ መይሙና ዓይን ነው። አዴ እንደ እትዬ ነው፤ አዴ መይሙና የጣቢያው ሻይ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ሻይ ክፍል እንበለው እንጂ ሻይ አይፈላበትም። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው፤ ለቤት ያልበቃ ለመሥሪያ ቤት ከየት ይመጣል? የምንጠጣው ሆጃ ነው። የቡና ገለባ በትልቅ ድስት አንድ ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ይቆይና ወተትና ጨው ተጨምሮበት እንደገና ይፈላል። ገለባ ደግሞ ሞልቶናል፤ ከመሰላና ከቦኬ የሚመጣው ቡና ሲፈለፈል ግቢው ሁሉ ገለባ ነው። ስልሳ ለቃሚ ሴቶች፣ ጫኝና አውራጆች፣ እኛም ቢሮ የምንውለው፣ ረፋድ ላይ ያንን ካልጠጣን እጃችን ሥራ አይዝም። ይህን ሁሉ ሰው የሚያጠጡት አዴ መይሙና ናቸው፤ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ፣ በሦስት ጉልቻ፣ በእርጥብ እንጨት።

አንድ ቀን ከሐኪም የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው መጡ።

"ኢልማ ኮ፣ ምን ይላል?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ከጭስ ካልራቁ ግራውም ይከተላል ይላል። አነበብኩላቸው። ወረቀቱን መልሰው አጣጠፉና፣ "ሥራውን ብተው ማን ያበላኛል? ጭስ የሌለው እሳት ካለ ጻፍልኝ፤ ሆጃውን በሱ አፈላለሁ" አሉ።

ጻፍኩና ለሥራ አስኪያጃችን ለአጥናፉ አቀረብኩ። ጓድነት አንቱታን ስላስቀረ አንተ ነው የምለው። አጥናፉ "ይህ የላብ አደሩ የጤና ጥያቄ ነው" ብሎ ደብዳቤውን አዲስ አበባ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከና ወዲያው ኮሚቴ አቋቋመ። ራሱ ሰብሳቢ፣ ኤሌክትሪሺያኑ በድሪና የንብረት ክፍሉ በክሪ አባላት፣ እኔ ጸሐፊ። መፈልፈያውን የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር ስላለን መብራት ቀኑን ሙሉ አለ። በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሦስት ምርጫ ቀረበ፤ የላምባ ምድጃ፣ ድስት የሚጣድበት የኤሌክትሪክ ምድጃና ቦይለር። ከአዲስ አበባ በመጣው ካታሎግ ላይ የቦይለሩ ፎቶ ገጹን ሞልቶታል። ነጭ ነው፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከፊቱ ያለው ቧንቧ ሲከፈት የፈላ ውሃ ይወርዳል። እሱን ያየ ሌላውን አላየም። ላምባ በወረፋ ነው ተባለ፤ እውነት ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃውን ግን ማንም ምክንያት ሰጥቶ አልጣለውም። ፎቶው ትንሽ ነበር፣ ያውም ጥቁርና ነጭ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ቦይለር ሆነ። ሁለተኛው ስብሰባ ሃያ ሊትር ይሁን ሠላሳ በሚል አለቀ። በሦስተኛው በክሪ ለቢሮና ለሠራተኛ የተለያየ ቧንቧ ይኑር ቢል፣ አጥናፉ "ይህ የመደብ ልዩነት ነው" ብሎ ተቆጣና ሰዓቱ በዚያው ሄደ። አራተኛው የሶሻሊስት ወዳጅ አገር ምርት ስለመሆን አለመሆኑ ነበር። አምስተኛው በክሪ ቦርደዴ ለቅሶ ሄዶ ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ተበተነ። በስድስተኛው ሊትሩ እንደገና ተነሳ።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ፣ በእያንዳንዱ ስብሰባ መሃል አዴ መይሙና እንባቸው እየወረደ፣ የበሩን መቃን እየዳበሱ ሆጃ ይዘው ይገቡ ነበር። እኛም ተቀብለን ፉት እያልን ስለ ሻይ ውሃ እንከራከራለን። በስድስተኛው ቀን በድሪ ካታሎጉን አሳያቸው። ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

"ድስቱ የት ነው የሚቀመጠው?" አሉ።

በድሪ ሳቀ። "አቦ አዴ፣ ድስት ቀረ እኮ። ውሃው ራሱ ፈልቶ ይወርዳል።"

"ገለባውስ? ገለባው በምን ይፈላል?"

"እሱን በኋላ እናየዋለን" አለ አጥናፉ። "አሁን አጀንዳው ሊትር ነው።"

እኔም እዚያው ነበርኩ። ሴትየዋ ያሉት ልክ ነው ለማለት ምላሴን ምን ያዘው? "አስተያየት ቀርቦ ታለፈ" ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው መስመር ወረድኩ። በሰባተኛው ሠላሳ ሊትሩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የእኔም ድምፅ አለበት።

ቦይለሩ ከአምስት ወር በኋላ መጣ። በድሪ ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲበሳ ውሎ ሰቀለው። ቦታው ስለጠበበ ጉልቻው ተነቀለ፤ ወለሉም ሲሚንቶ ተደረገ። በምረቃው ቀን አጥናፉ ንግግር አድርጎ ቧንቧውን ከፈተ፤ የፈላ ውሃ ተንፎለፎለ፤ ተጨበጨበ። በክሪ ባልዲ ውስጥ ገለባ ጨምሮ ውሃውን ሞላበት፤ ወተትና ጨውም ታከለ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ባየች የምትባል ለቃሚ ቀመሰችና ተፋችው።

"የድስት እጣቢ ነው" አለች።

በድሪ ትንሽ ይቆይ አለ። ቢቆይ በረደ።

በማግስቱ ለቃሚዎቹ ሆጃ ካልመጣ አንለቅምም አሉ። አጥናፉ አዴ መይሙናን ጠርቶ፣ "እስኪ እንደምንም ያድርሱላቸው" አላቸው። ሻይ ክፍሉ ውስጥ እሳት ማንደድ ስለተከለከለ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ሦስት ድንጋይ ሰብስበው ጣዱ። እዚያ ነፋሱ ግድግዳውን እየመታ ጭሱን ፊታቸው ላይ ይመልሰዋል። የፊተኛዋ ክፍል ከዚህ ትሻል ነበር። ሻይ ክፍሉ ግን ምን የመሰለ ንጹሕ ሆነ። ሾፌሮች በሙቅ ውሃ እግራቸውን ይታጠቡበታል።

ሦስት ወር እንዲህ ካየሁ በኋላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ጽፌ አጥናፉ ዘንድ ገባሁ። አንብቦ ወደኔ ገፋው።

"አልፈርምም። ለጭሱ አንዴ ተፈቅዶልናል፤ ደግመን ብንጠይቅ ምን ይሉናል?"

"ሆጃ በቦይለር እንደማይፈላ እንነግራቸዋለና።"

ፋይሉን አውጥቶ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፊቴ ዘረጋው። "ሆጃ የሚል የት አለ? እስኪ አንብብልኝ።"

አነበብኩ። "ለሠራተኛው የሻይ ውሃ ማፍያ እንዲገዛልን" ይላል። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። አዴ መይሙና ሆጃ ብለውኝ ነበር፤ ሻይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሆጃ ብዬ ብጽፍ አዲስ አበባ ያሉት ባላገር ይሉኛል ብዬ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት የፈቀደው ለሻይ ውሃ፣ ኮሚቴው የመረጠው ለሻይ ውሃ። ይህን ሁሉ ወር በአጥናፉና በበድሪ ስበግን ከርሜ፣ ጥፋቱ ከእኔ ብዕር ነው የወጣው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄድኩ። ቀትር ነው፤ ፀሐይዋ ድምቅ ብላለች። አዴ መይሙና እሳቱ ሥር ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

"ማነህ?" አሉኝ።

"ጀምበሩ ነኝ" አልኩ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። "አዴ፣ ያኔ ሆጃ ብለው ነግረውኝ ነበር። እኔ ደብዳቤው ላይ ሻይ ብዬ ጻፍኩት። አፍሬ ነው።"

እንጨቱን ወደ ውስጥ ገፉ። "በሆጃ ነው ያፈርከው?"

"አዎ።"

"በየቀኑ ስትጠጣው ግን አታፍርም።" ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ።"

"አላህ ይቅር ይበልህ" አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። "አሁን ሥራ አታስፈታኝ። ወተቱን ጨምሬዋለሁ፤ ሲነሳ ንገረኝ። እኔ አይታየኝም።"

ከቢሮው በኩል በክሪ ስሜን እየጠራ ነው። ስምንተኛ ስብሰባ አለ፤ አጀንዳው የቦይለሩ አጠቃቀም ደንብ ነው። አልመለስኩለትም። ዓይኔ በጭሱ እየተለበለበ ድስቱን ድስቱን ሳይ ቆየሁ።

"ተነሳ፣ አዴ" አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉ፤ ከድስቱ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ አየሩን ዳበሰ። ድስቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ።