ባሕሩ በረዶ የሆነ ጊዜ

ወረርሽኙ ሰውን ሁሉ ቤቱ ያስቀመጠበት የብርድ ወቅት ነበር። የጆሃንስበርጓ ሰፈር አይቮሪ ፓርክ እንዲያ ጭር ብላ አታውቅም። አስካለች በስፓዛዋ፣ በትንሿ የሰፈር ሱቋ፣ የብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦና ላምባ እያቀበለች ትውላለች፤ ልጇ ፊቤ ከመደርደሪያው ጀርባ ላፕቶፗ ላይ ተደፍታ የዩኒቨርሲቲ ሥራዋን ትሠራለች። ሥራዋ ቀበሮ ነው።

«የባሌው ቀይ ቀበሮ ነው?» አለቻት አስካለች አንድ ቀን።

«አይ እማ፣ ይሄ ሌላ ነው። በዓለም ሰሜን ጫፍ፣ ደሴት ላይ ነው ያለው። ድሮ ባሕሩ በረዶ ሲሆን ጥቂቶቹ በእግራቸው ተሻገሩ። በረዶው ቀለጠና እዚያው ቀሩ።»

«ከዚያስ?»

«እርስ በርስ ተዋለዱ። ዛሬ ደማቸው ሲታይ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ለየብሱ የቀረቡት ደሴቶች ላይ ግን ባሕሩ በረዶ በሠራ ቁጥር እንግዳ ይገባል። የነዚያ ደም የተለያየ ነው።»

አስካለች የዚያን ደሴት ነገር መስማት አትወድም። የአውሮፕላን በረራ ሲከፈት ፊቤ ለትምህርት ወደዚያው ልትሄድ ነው። ምሕረቱ የሚባለውን የአገራቸውን ልጅ ለባልነት ያሰበችላትም ለዚሁ ነው፤ እዚያው ከተማ ኮዝሞ ሲቲ ሱቅ አለው፣ ጨዋ ነው፣ ካገባችው እዚሁ ትቀራለች። ፊቤም «አልጠላውም፤ አንቺ ካልሽ እሺ» ብላለች።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትሞቃት አስካለች ሣጥን ላይ እንደተቀመጠች ሸለብ አደረጋት። በሕልሟ የከተማው የፎርድስበርግ ሰፈር መንገድ ነጭ በረዶ ሆኖ አየች። ከፊት፣ አገር ቤት ካለው መንደራቸው መጀመሪያ ጆሃንስበርግ የገባው ሟቹ ሀቢሶ ይሄዳል፤ ከኋላው ያስመጣው ወንድሙ፣ ወንድሙ ያስመጣው አማቹ፣ አንዱ የሌላውን ዱካ እየረገጠ። ጅራት አላቸው፤ ቀይ ነው። ዞር ሲሉ ፊታቸው አንድ ነው። ወደ ኋላ ብታይ መንገዱ ውኃ ሆኗል።

«ጌታ ይባርክሽ፣ አስካለች!»

ባነነች። የምሕረቱ አጎት አቶ ሽጉጤ ፍርግርጉ ጋ ቆመዋል።

«ምነው፣ እንደ እስረኛ በብረት ልንነጋገር ነው?»

«ዳቦው ያለው እኔ ጋ ነው፤ እስረኛውስ እርስዎ ነዎት! ይልቅ ያንን ማስክ ከአገጭዎ ከፍ ያድርጉት፤ ጢምዎን አያመውም።»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙም አልቆየም። «የልጆቹን ነገር እንጨርስ። ዘር ቆጠራውን እንተወው፤ በሰው አገር ጥቂት ነን። ይህን ከቆጠርን ማን ማንን ሊያገባ ነው?»

በአገራቸው ልጅ ለጋብቻ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያቱን እስከ ሰባት ቤት ይጠራል፤ ስም ከተገናኘ ጋብቻ የለም። አስካለች እሺ ካለች ልጇ አጠገቧ ናት። እሺታው አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይቁጠሩ» አለች።

«አስካለች!»

«ይቁጠሩ ብያለሁ። የፊቤን አባት ወገን እኔ እቆጥራለሁ።»

እያጉረመረሙ ጀመሩ። እሷም ሟች ባሏ ያስጠናትን ስም በስም ትመልሳለች። አምስተኛው አያት ላይ ሁለቱም አፍ እኩል «ኤርጎጌ» አለ።

«ሩቅ ነው እኮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደግሞ እዚህ ማን ይሰማል?»

«እኔ ሰማሁ። ልጄን ከወንድሟ ጋር አላስተኛም።»

አቶ ሽጉጤ ማስካቸውን አሁን ገና አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ፊቤ ከኋላ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። አስካለች ፊቷን አላሳየቻትም።

«እዚያ ደሴት ላይ ሰው አለ?»

«ጥቂት፤ ዓሣ አጥማጆች።»

«ወንዶቹ ጨዋ ናቸው?»

«እማ!»

«ጠየቅሁ እንጂ፣ ምን አልኩ?» አለችና ለቆመው ደንበኛ ዳቦ አቀበለች።