ከኮምቦልቻ ወዲያ

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መጥታችሁ «ሁመድ የሚባል ሰው ታውቃላችሁ?» ብትሉ «የትኛው ሁመድ?» እያሉ ያደክሟችኋል። «ሁመድ አሰብ» ካላችሁ ግን ባለሱቁም ልብስ ሰፊውም ሥራውን ጥሎ ከበራቸው ያደርሳችኋል። ስሙ ከወጣላቸው አርባ ዓመት አልፎታል። የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሰብ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ባሕርን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ሰፈሩ የሚያውቀው ይህን ነው። ሰርግም ይሁን የእድር ስብሰባ፣ ጨዋታ ሲቀዘቅዝ «ጋሽ ሁመድ፣ እስቲ ባሕሩን!» ይባላሉ። እሳቸውም አያሳፍሩም። ዓሣ ዘሎ ጭናቸው ላይ ስለማረፉ፣ እየዋኙ መርከብ ድረስ ሄደው ከካፒቴኑ ጋር ሻይ ስለመጠጣታቸው ይተርካሉ።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ሁመድ ባሕር አይተው አያውቁም።

ወላሂ ነው የምላችሁ! ከኮምቦልቻ አልፈው አያውቁም። የአሰብ ሹፌሮች ጭነቱን ኮምቦልቻ ድረስ ያመጡታል፤ እሳቸው ከዚያ ተረክበው ወደ አዲስ አበባ ይነዳሉ። ርክክቡ እስኪያልቅ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የአሰቦቹን ወሬ ይሰማሉ። ታዲያ ገና በሙሽርነታቸው ጊዜ እትዬ ነፊሳ «ባሕር ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቋቸው። ጥያቄው እንደ ቀላል ተጠየቀ፤ የነፊሳ ዓይን ግን ቀላል አልነበረም። «አላየሁትም» የምትለዋ ቃል ከጋሽ ሁመድ አፍ አልወጣ አለች። በሚቀጥለው ጉዞ አንድ ዛጎል አምጥተው ለሚስታቸው ሰጡ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይመለሳል? «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ የእሳቸው ግን እያደር ወፈረ።

ዛጎሉ እስከ ዛሬ ቡፌው ላይ አለ።

ልጃቸው ቢላል ጌጃ ሰፈር የብረት በርና መስኮት ይሠራል። አባቱን የሚወድ፣ ግን መውደዱን በአፉ ሳይሆን በመዶሻው የሚናገር ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ከሰዓት በኋላና እሑድ እየጠበቀ አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አይሱዙ ፈታ፣ በየደ፣ ቀባ። ውስጡ አምስት አልጋ፣ ጥግ ላይ ቡታጋዝ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ሮቶ አኖረ። አንድ የሐምሌ ጠዋት በራቸው ላይ አቁሞ ጡሩምባውን ነፋ።

«አባዬ፣ አሰብ እንኳ አይሆንልንም» አለ። «ግን ባሕር ባሕር ነው። ያ ጉልበትዎ ጭራሽ እምቢ ሳይል ሞምባሳ ድረስ ወስጄ ባሕርዎን አሳይዎታለሁ። አሥራ አምስት ቀን፣ ሁላችንም።»

ጋሽ ሁመድ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ቀኝ ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው ሰበብ ሲፈልጉ፣ የቢላል ልጅ ሺፋ ተንደርድራ መጥታ ወገባቸው ላይ ተጠመጠመች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከቤቱ ልጆች ሁሉ እሳቸውን አንተ የምትል እሷ ብቻ ናት።

«አባባ፣ ዋና ታስተምረኛለህ አይደል? እኔ ካንተ ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር አልገባም!»

«እንዴታ!» አሉ። ይቺ «እንዴታ» ናት ጉድ የሠራቻቸው።

እትዬ ነፊሳ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ጭኮውን በየጣሳው አሸጉ። የባላቸውን ወፍራም ሹራብ ሲያጥፉ እንደ ልማዳቸው ያ የደሴ ሌባ ትዝ አላቸው። በሙሽርነታቸው ጊዜ፣ አባታቸው ለአማቻቸው የሰጡትን የቆዳ ጃኬት ደሴ ላይ የሰረቀ ሌባ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ይረግሙታል። «ባሌን በዚያ ብርድ ራቁቱን የሰደደ! ጉልበቱን ቄጠማ ያድርገው!» አሉ። ጋሽ ሁመድም እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ውጭ ወጡ።

ሞያሌን ተሻገሩ። ኬንያ ላይ በግራ መንዳት ነውና እትዬ ነፊሳ ሁለት ቀን ሙሉ «ኧረ ቀኝህን ያዝ አንተ ልጅ! ልትፈጀን ነው!» እያሉ ሲጮኹ፣ የቢላል ሚስት ኢክላስ ሳቋን በሻሽዋ እያፈነች፣ በስድስተኛው ቀን ማሊንዲ ደረሱ። መንገዱ አንድ ግንብ ታጠፈና ባሕሩ ፊታቸው ላይ ተዘረጋ።

ኢክላስ ጮኸች። ሺፋ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። እትዬ ነፊሳ «ሱብሃነላህ!» አሉ። ጋሽ ሁመድ ብቻ ወንበራቸውን ደገፍ አሉ፤ የለመደ ሰው አይደነግጥማ! እንዲህ ይሰፋል ብሎ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ያወጋቸው የነበረው አስፋውም፣ ሌሎቹ የአሰብ ሹፌሮችም ወሬውን አሳንሰውት ኖሯል። እንባቸው መጣ።

«አባዬ፣ ምን ሆኑ?» አለ ቢላል።

«አቧራ ነው። አቧራ ገባብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ሰበብ መፈለግ ሆነ። ማሊንዲ ውሃው ደፍርሶ ነበር፤ «ይህ ጎርፍ እንጂ ባሕር አይደለም፣ ልጅ አይገባበትም» አሉ። ቀጣዩ ላይ ሣር የመሰለ ነገር ዳርቻውን ሞልቶታል፤ «እግር ይጠልፋል»። ኪሊፊ ላይ ነፋሱ አልጣማቸውም። ሞምባሳ ላይ ሰው በዛ። ቢላል አባቱ እያማረጡለት መስሎት «እርስዎ ያሉት ነው፣ አዋቂው እርስዎ ነዎት» እያለ ወደፊት ይነዳል። አሥራ አምስቱ ቀን ሃያ ሆነ፣ ሃያውም አንድ ወር ሊሞላ ተጠጋ። ቢላል ጌጃ ሰፈር እየደወለ «አንድ ሳምንት ጨምሩልኝ» ይላል።

እውነቱን ለመናገር ሰበቡ ክፉ አልሠራም። ቢላል ከልጅነቱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ተኛ። ኢክላስ ሩዝ በኮኮናት መሥራት ተማረች። እትዬ ነፊሳ በየመንደሩ ሰላምታ ከሚሰጧቸው ሴቶች ጋር በአንድ ቃል «አሰላሙ አለይኩም» ብቻ ግማሽ ቀን ይጫወታሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ጋሽ ሁመድ አይተዋቸው አያውቁም። ሺፋ ግን በየባሕሩ ዳር ደረቅ አሸዋ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጣለች። እናቷ «ነይ፣ እኔ እይዝሻለሁ» ስትላት «አባባ ጥሩውን ባሕር እየፈለገልኝ ነው» ትላለች። ይህን በሰሙ ቁጥር ጋሽ ሁመድ ምሳቸውን ትተው ይነሳሉ።

መኪናው ኬንያ የሚቆይበት ፈቃድ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሞምባሳ ወደ ደቡብ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ደረሱ። ጠዋት ነበር። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ እስከ እሱ ድረስ የተዘረጋው አሸዋ እንደ አስፋልት የጠነከረ፣ እርጥብ ነው። ጋሽ ሁመድ ወርደው እንደ አለቃ ቆሙ።

«እዚህ አቁመው። እዚች መሐል ላይ።»

መረብ የሚጠግን አንድ ሽበታም ዓሣ አጥማጅ እየሮጠ መጣ። ሰላምታ ሰጠና መጀመሪያ ባሕሩን፣ ከዚያ ጎማውን፣ ከዚያ ወደ ላይ ዛፎቹን አሳየ። ቋንቋ አያስፈልገውም፤ ወደ ዛፎቹ ውሰዱት ነው የሚለው።

«አባዬ፣ ወደዚያ አርቁት የሚል ይመስላል» አለ ቢላል።

«ለእኔ ነው ባሕር የሚነግረኝ?» አሉ ጋሽ ሁመድ። ሽማግሌውን በእጃቸው ሸኙት። ትዕቢት መቼም አንዴ ከተሳፈረ አይወርድም።

ፍራሹን፣ ጣሳውን፣ ምንጣፉን አወጡ። ቀትር ላይ ዙሁር ሰግደው ሲያበቁ ኢክላስ ዞር አለችና «ውሃው!» አለች። ያ ሩቅ የነበረው ባሕር መጥቶ ጎማውን እየላሰ ነው። ማን ጠራው? ማን ገፋው? ጋሽ ሁመድ ተገትረው ቀሩ። ቢላል ዘሎ ገብቶ ሞተሩን ቢያስነሳ ጎማው እዚያው እየተሽከረከረ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ። ውሃው እየመጣ ነው። የሁለት ዓመት ዓርብና እሑድ ባሕር ሊበላው ነው።

ያ ሽበታም ዓሣ አጥማጅ ሳይቀየም ገመድና ሰው ይዞ መጣ። ከፊት ጎተቱ፣ ከኋላ ገፉ። ጋሽ ሁመድ ያንን ጉልበታቸውን ረስተው ትከሻቸውን ብረቱ ላይ ደግፈው «ያ አላህ!» እያሉ ገፉ። ሦስት ጊዜ ተንፏቆ ተመለሰ፤ በአራተኛው ቅጥቅጡ እያጓራ ወጣ። ሁሉም ባለበት ቀጥ ብሎ ተነፈሰ። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ሁመድ ወደታች ያዩት። ባሕሩ ወገባቸው ጋር ነው። ሺፋም ቀሚሷ ረጥቦ፣ ኮታቸውን ጨብጣ ከጎናቸው ቆማለች።

«አባዬ» አለ ቢላል ከመሪው ወርዶ በውሃው ውስጥ እያለከለከ እየመጣ፣ «የአሰብ ባሕር እንዲህ እየሸሸ አይመለስም ነበር እንዴ?»

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶላቸዋል። «አይመለስም» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ግን ሺፋ ቀና ብላ እያየቻቸው ነው።

«የአሰብን ባሕር አላውቀውም» አሉ። «ከኮምቦልቻ አልፌ አላውቅም፣ ልጄ። ባሕር ያየሁት ማሊንዲ ላይ፣ ከእናንተ ጋር ነው።»

ቢላል ቅጥቅጡን አየ፣ አባቱን አየ።

«ሁለት ዓመት» አለ። «ሁለት ዓመት የቀጠቀጥኩት ባሕሩ ናፍቆዎታል ብዬ ነው።»

«ናፍቆኝማ ነበር። አይተውት የማያውቁት ነገር አይናፍቅም ያለህ ማነው?» እጃቸውን ወደ ቅጥቅጡ ዘረጉ። «አፈርኩ፣ ቢላል። ያንተን ልፋት ሳይ አፈርኩ።»

ቢላል ፊቱን በእርጥብ እጁ ሸፈነ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ሁመድ የሚያለቅስ መስሏቸው ሊይዙት ሲሉ፣ ለካ እየሳቀ ነው። «ታዲያ ማሊንዲ ላይ፣ ያ አቧራ...?»

«ባሕር ላይ ምን አቧራ አለ!»

«እንግዲያው ዋና አትችልም?» አለች ሺፋ።

«እንደ ድንጋይ ነኝ፣ እናቴ።»

አሰበችበት። ከዚያ ኮታቸውን ለቀቀችና እጃቸውን ያዘች። «እኔም» አለች። በቀሩት ቀናት ያ ሽበታም ዓሣ አጥማጅ ሁለቱንም በጀርባቸው እያስተኛ መንሳፈፍ አስተማራቸው። እሷ ቀደመቻቸው።

እትዬ ነፊሳ ግን ያን ዕለት አሸዋው ላይ የራሰ ፍራሽ እያሰጡ ሁሉንም ሰምተዋል። አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከ አዲስ አበባ ድረስ አልተናገሩም! ከሁሉም ጋር ይስቃሉ፤ ለባላቸው ሲሆን «ሺፋ፣ አያትሽን ሻይህን ጠጣ በዪው» ነው። ጋሽ ሁመድ ሰባት ቀን መንገድ ሙሉ የሚስታቸውን ጀርባ እያዩ ተጓዙ። የአርባ ዓመት ትዳር በአንዲት ዛጎል ሊበላሽ ነው ብለው ፈሩ።

ሰፈር ሲደርሱ ግቢው ሞልቶ ጠበቃቸው። የእድሩ ዳኛ አቶ ዱጉማ ገና ሳይቀመጡ «ሁመድ አሰብ! እስቲ ባሕሩን!» አሉ።

ጋሽ ሁመድ ቆሙ። «ጎረቤቶቼ፣ ዋሽቻችኋለሁ። አሰብን አላየሁም። ባሕር ገና ዘንድሮ ማየቴ ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ሞምባሳ ሄዶ ቀልድ ተምሮ መጣ!» አሉ አቶ ዱጉማ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ኧረ እውነቱን ነው!» ብላ ሺፋ ብትጮህ ሳቁ ባሰ። አርባ ዓመት ውሸታቸውን ያመነ ሰፈር አንድ ቀን እውነት ቢነግሩት አላምንም አለ። እስከ ዛሬም ሁመድ አሰብ ናቸው።

እንግዳው ሲበተን ጋሽ ሁመድ ሶፋው ላይ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። መግፋቱ ጉልበታቸውን አሳብጦታል። እትዬ ነፊሳ ዛጎሉን ከቡፌው አንስተው ፊታቸው ቆሙ።

«አርባ ሁለት ዓመት ተቀይሜህ ኖሬያለሁ» አሉ።

«ነፊስ፣ ውሸቴን...»

«ውሸትህን ተወው! ሰውዬው አሰብ ይሄዳል፣ ይመጣል። ዛጎል እንደ ጠጠር ነው የተበተነው ይላል። ለእኔ ግን አንዲት! ጎንበስ ብሎ ሁለተኛ ማንሳት እንዴት ያቅተዋል? ባይወደኝ ነው እል ነበር።»

ጋሽ ሁመድ ይህን አስበውት አያውቁም።

«ሁለተኛ አልነበረኝማ! እሷንም አስፋው የሚባል የአሰብ ሹፌር ለእናቱ ይዟት ሲሄድ ነው ያየኋት። እምቢ አለ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ... በጃኬቴ ለወጥኩት።»

«በየትኛው ጃኬት?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባቴ በሰጠህ? ደሴ ላይ ተሰረቀ ባልከኝ?»

«አልተሰረቀም፣ ነፊስ።»

እትዬ ነፊሳ ዛጎሉን አዩ። ባላቸውን አዩ። ከዚያ ያ ያበጠ ጉልበት ላይ ዓይናቸው አርፎ ቀረ፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ያ ረቢ! ያን ሌባ በየክረምቱ ስረግመው ነው የኖርኩት! ጉልበቱን ቄጠማ ያድርገው እያልኩ...»

ሁለቱም ጉልበቱን ተመለከቱት።

«ጥሩ አድርገሽ ነው የረገምሽው» አሉ ጋሽ ሁመድ።

እትዬ ነፊሳ ሳቃቸው ከእንባቸው ተደባለቀ። ከሞምባሳ ያመጡትን የኮኮናት ዘይት ከሻንጣው አውጥተው ዝቅ ብለው ተቀመጡ፣ ሱሪውን ጠቀለሉና በሁለት እጃቸው ማሸት ጀመሩ።

«አፉ ብያለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንተንም፣ ሌባውንም።»