ንቡ ያልከደነው ማር

በላይነሽ ከተወለደች ጀምሮ ወንበር ያሞቀች ሴት አይደለችም። ቤት ስትቀመጥ ደጅ የቀረ ነገር ያለ ይመስላታል፤ ደጅ ስትወጣ ደግሞ ቤት የረሳችው ይታወሳታል። ባሏ ፈለቀ የማንኪራ ጫካ ያሳደገው ሰው ነውና ሁሉም በጊዜው ይደርሳል ብሎ ያምናል። ሁለቱን ያጣመረ አምላክ ምን አስቦ እንደሆነ ሰፈሩ እስከ ዛሬ አልገባውም። እሱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲሰቅል እሷ ከሥር ቆማ ዛፉን ትዞራለች።

ማራቸውን ለዓመታት የሚገዟቸው ጋሽ ጉግሳ ነበሩ። ቦንጋ ገበያው አፍ ላይ መጋዘን አላቸው፤ ማሩን ከነሰፈፉ ተረክበው ለጅማ ጠጅ ቤቶች ይልካሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ማሩ የማን እንደሆነ አይጠይቁም፤ የማንኪራውንም የዋጫውንም የቢታ ገነቱንም አንድ በርሜል ውስጥ ይገለብጡታል። በላይነሽን ያንገበገባት ይኸው ነበር። ፈለቀ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ እስኪያብጥ ተነድፎ ያወረደው፣ ከገተም ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ከማንም ጥቁር ማር ጋር ሲቀላቀል ቆሞ ማየት አቃታት።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ አንድ የግብርና ባለሙያ ቀበሌው ድረስ መጥቶ ሥልጠና ሰጠ። አምራቹ ደላላና ነጋዴ በመሃል ሳይገባበት ምርቱን በቀጥታ ለተጠቃሚው ይሽጥ አለ። ሌላው ሰው ሥልጠናውን የወደደው ለሻይና ለዳቦው ነው። በላይነሽ ግን የሰማችውን እንዳለ ይዛ ወጣች። በሳምንቱ ማሯን አጥልላ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ሞልታ፣ በአይሱዙ ጀርባ ተጭና ቦንጋ ገባችና ያገኘችውን የግቢ በር ማንኳኳት ጀመረች።

ከተማው እንደጠበቀችው አልተቀበላትም። አንዱ ቤት ውሻ ወጣባት። ሌላው ቤት ስኳር አለበት ተባለች። ሦስተኛው ቤት ያለችው ሴት ማሩን በጣቷ ነክታ ካየች በኋላ ዋስሽ ማን ነው፣ የማን ሰው ነሽ ብላ ጠየቀቻት። ከጫካ ለመጣ ሰው ዋስ ከየት ይመጣል? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እልኋ እየባሰ ሲሄድ፣ የመምህርት አብርሆትን በር አንኳኳች።

እትዬ አብርሆት ከሰሜን ተመድበው መጥተው ቦንጋ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ አስተማሪ ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ከተማው ግማሹ ተማሪያቸው ነው። ማሩን በማንኪያ ቀመሱና ደገሙት። ከዚያ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን ቦንጋ ስኖር ማር የበላሁ መስሎኝ ነበር" አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የበላይነሽ መንገድ ቀና። እትዬ አብርሆት ማሩን ትምህርት ቤት ወስደው በመምህራኑ ስታፍ አዞሩት። ከስታፍ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ጤና ጣቢያ ተዛመተ። ማነሽ ሲሏት "እትዬ አብርሆት ያውቁኛል" ትላለች፤ ያ ይበቃል። ሴትዮዋም በሰው ፊት፣ እኔን እንደምታምኑ እሷን እመኑ ብለው ስማቸውን አስይዘውላታል። በላይነሽ ለጋሽ ጉግሳ ከእንግዲህ ማር እንደማታመጣላቸው ስትነግራቸው አልተቆጡም። ከተሜ ማር መብላት እንጂ ማር መጠበቅ አያውቅም፣ ተጠንቀቂ ብለው ሸኟት። ቅናት ነው ብላ ናቀችው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ፣ ደንበኞቿ ሁሉ ለፋሲካ ማር አዘዟት። ለፋሲካ ይደርሳል ወይ ሲሏት ፈለቀንም ንቡንም ሳትጠይቅ ይደርሳል አለች። በዚያ ዓመት ግን ገተሙ ባበበ ሰሞን ካፋ ላይ ያለማቋረጥ ዘነበ። ንቡ ከቀፎው ሳይወጣ ከረመ። በላይነሽ በየቀኑ ሰማዩን ታያለች፣ ዛፉ ሥር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ሌሊት ትገላበጣለች። የሆሳዕና ሰሞን አላስችል አላት፤ ባሏን ገመድ አስይዛ ጫካ ይዛው ገባች።

ፈለቀ ወጣ፣ ቀፎውን በጭስ አጠነ፣ እጁን አስገባ፣ አወጣ። ከላይ ሆኖ፣ "ንቡ ገና አልከደነውም" አላት።

የንብ ነገር እንዲህ ነው፦ ማሩ ሲበስል ንቡ የማር እንጀራውን በሰም ይከድነዋል። እስኪከድነው ድረስ ያለው ማር ጣዕሙ ማር ይሁን እንጂ ውስጡ ውሃ አለበት። በማንኪራ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በላይነሽም ከጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው።

"አውርደው" አለችው።

"በላይነሽ፣ ውሃ ነው።"

"ሰው ይጠብቀኛል። አውርደው አልኩህ።"

አወረደው። ፈለቀ ከሚስቱ ጋር መጨቃጨቅ የማይችል ሰው ነው፤ ይህንንም እሷ ታውቃለች። ማሩን አጠለለችው። ነጭ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ቀጠነ እንጂ ሌላ እንከን አይታይበትም። ደጋግማ ቀመሰችውና ራሷን አሳመነች። በጸሎተ ሐሙስ ለሁሉም ቤት ለቤት አደረሰች፤ እትዬ አብርሆት እንኳን አብሮ አደረሰን ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ፣ ለራሷ ያስቀረችው ዕቃ ክዳኑ ተነሣ። ስትከፍተው አረፋ ደፍቆ ጠጅ ጠጅ ሸተታት። ፈለቀ አየው፣ እሷን አየ፣ ማገዶ ሊፈልጥ ወጣ። ቢቆጣት በተሻላት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህቺ ግን ያፈሰሰችው ሰው ቤት ነው።

ያን ዕለት መቀመጥ የባሰ ጠላት። ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው ትመላለሳለች። ጋሽ ጉግሳ ጋ ቢሆን መጥፎው ማር በርሜሉ ውስጥ ሰጥሞ ይቀር ነበር፤ የማን ነው የሚል የለም። የዛሬው ማር ግን በየሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የበላይነሽ ነው እየተባለ እየፈላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያንገበገባትን በርሜል ናፈቀችው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከየቤቱ ልሰብስበው ብላ ወደ ቦንጋ ገሰገሰች።

መጀመሪያ የሄደችው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ግዛቸው ቤት ነው። ሚስቱ በፈገግታ ተቀበለቻትና ማሩን አውጥታ አሳየቻት፤ አረፋው ክዳኑን ገፍቷል። በላይነሽ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሴትየዋ ቀደመቻት። "መጀመሪያ ደንግጠን ነበር" አለች፤ "እትዬ አብርሆት ናቸው ያረጋጉን። የጫካ ማር እንዲህ ነው፣ ሕይወት አለው፣ ይተነፍሳል አሉን። ለልጆቹም እየሰጠናቸው ነው።"

እትዬ አብርሆት አውቀው አልዋሹም፤ በላይነሽን አምነው ነው፣ ፍቅራቸው የነገራቸውን ነው ያወሩት። አሁን እውነቱን ብትናገር እኚያ ሽማግሌ ሴት በከተማው ሁሉ ፊት ውሸታም ሊባሉ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ልጆቹ የፈላ ማር ይበላሉ። ለግዛቸው ሚስት ሌላ ቀን እመጣለሁ ብላ ወጣች። በሁለተኛውም ቤት፣ በሦስተኛውም ቤት ያገኘችው ያው ነው፤ ይተነፍሳል። የቦንጋን ዳገት ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ላቧ ጀርባዋን አረጠበው።

መጋዘናቸው በር ላይ የቆሙ ጋሽ ጉግሳ ጠሯት። ወሬው ደርሷቸዋል፤ የማርን ነገር ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል?

"ሰብስበሽ ለእኔ አምጪው" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለጠጅ ግሩም ነው። ለሰዎቹ የተሻለ ልቀይርላችሁ ነው በያቸው፤ ማንም አያውቅም። የመምህርቷም ስም ይተርፋል፣ ያንቺም ይተርፋል።"

ምክሩ የክፉ ሰው ምክር አልነበረም። እንዲያውም ልቧ ወደደው። አመስግና ሄደች፤ ግን ከማድረጓ በፊት እትዬ አብርሆትን ማማከር አለባት። ቤታቸው ስትሄድ ተቆልፏል። ጎረቤት፣ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ወደ ማታ ይመጣሉ፣ ተቀመጪና ጠብቂያቸው አላት። በላይነሽና መጠበቅ! ለትንሽ ጊዜ ደጁ ላይ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።

ዕረፍት ነበር። ስታፉ በመምህራን ሞልቷል፣ ክርክሩም ማሩ ነው። ተክለጻድቅ የሚባል ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ይህ መፍላት እንጂ መተንፈስ አይደለም ብሎ ተሟግቶ ገና አሁን በሳቅ ተሸንፏል። እትዬ አብርሆት በላይነሽን በሩ ላይ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ይኸው ባለቤቷ መጣች" አሉ። "ነይ ግቢ ልጄ። እስቲ ንገሪልኝ፤ ማርሽ ይተነፍሳል አይደል?"

ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አዎ ብትል ሁሉም ስቆ ሻዩን ይጠጣል፣ እሷም ዕቃዎቹን ቀስ ብላ ትሰበስባለች። የእትዬ አብርሆትን ዓይን አየች፤ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለበትም። ያ ዓይን ነው ያሸነፋት።

"አይተነፍስም" አለች። "ፈልቶ ነው። ንቡ ሳይከድነው ያስወረድኩት እኔ ነኝ፤ ባሌ እንቢ ብሎኝ ነበር። እትዬ አብርሆት አያውቁም። አምነውኝ ነው።"

የሳቀ የለም። የእትዬ አብርሆት ፈገግታ መሄጃ አጥቶ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። እውነቱን ይዞ የተሟገተው ተክለጻድቅ እንኳ መሬት መሬት ያያል። ደወል ተደወለ፣ መምህራኑም አንድ በአንድ በአጠገቧ እያለፉ ወጡ።

እትዬ አብርሆት እስከ ግቢው በር ሸኟት። እንደ ወትሯቸው ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፤ በላይነሽ አብራቸው ለመራመድ እግሯን ጎተተችው።

"ቤቴ መጥተሽ ለብቻዬ ብትነግሪኝስ ኖሮ?" አሉ።

"ሄጄ ነበር፣ አጣሁዎት።"

"ማታ እስክመጣ መጠበቅ አቃተሽ?"

ማሩንም ያበላሸው፣ እኚህንም ሴት በባልደረቦቻቸው ፊት ያዋረደው አንዱ ያው ጠባይዋ ነው። እንባዋ መጣ። እትዬ አብርሆት እንደ ልጅ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጓት። ከዚያ፣ "ይቅር ብዬሻለሁ፣ ከልቤ ነው" አሏት። "ዋስሽ ግን ከእንግዲህ አይደለሁም።"

በላይነሽ ማሩን ከየቤቱ ለቀመች። በየደጁ ምን እንደሆነ ራሷ ተናገረች፣ የሰውን ገንዘብ መለሰች፣ ማሩን ለጋሽ ጉግሳ አስረከበች። አንዳንዱ ሰደባት። የግዛቸው ሚስት ዕቃውን አቀብላት በሩን ዘጋች።

ሰኔ ላይ ፈለቀ ከከፍተኛው ዛፍ የተከደነ የማር እንጀራ አወረደ። ጋሽ ጉግሳ መጋዘኔ ክፍት ነው ብለው ልከውባት ነበር። አድራ አሰበችበት። ጠዋት ማሩን ሞልታ ቦንጋ ገባችና ከሁሉ አስቀድማ የግዛቸውን በር አንኳኳች።

"ማን ነው?" አለች ሚስቱ ከውስጥ።

"በላይነሽ ነኝ። ማር ይዤ ነው።"

ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ።

"ያ የፈላው ማር ባለቤት?"

ዋሴ ብላ ስሙን የምትጠራው ሰው አልነበራትም። "አዎ" አለች፤ "እኔው ነኝ።"

በሩ አልተከፈተም። እግሯ እንሂድ እንሂድ አላት፤ የሚቀጥለው በር ሩቅ አይደለም። ቆመች። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ፣ ነጠላዋን ማሩ ላይ ጣል አደረገች፣ አሁንም ቆመች። ብዙ ቆይቶ መቀርቀሪያው ተነሣ፣ በሩ በጠባቡ ገርበብ አለ፣ የሴትየዋም እጅ ባዶ ማንኪያ ይዞ ወጣ።