ስም ያለበት ካርድ

ሂዳያ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነው የመጣችው። ከባጃጁ ወርዳ የሸዋ ሮቢት ሥነ ልቦና ማኅበር ወደሚሰበሰብባት አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ስትገባ ሰላምታ እንኳን አልሰጠችም።

በክፍሏ አንድ ግድግዳ ላይ መቶ አሥር መጻሕፍት ተደርድረዋል። ሂዳያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ያለ ደሞዝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአባላቱ ታውሳቸዋለች። በየመጽሐፉ ጀርባ ካርድ አለ፤ በካርዱ ላይ የተዋሰውን ሰው ስም በዚያ በምትኮራበት የእጅ ጽሑፏ ታሰፍራለች። ካርዱ ከመጽሐፉ እንዳይለይ ደንብ ያወጣችውም እሷው ናት። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የኋለኛው ተዋሽ የፊተኛውን ስም ያነባል። ይህ ችግር ያመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ካሳሁን ግን አስበውበታል። አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ አማካሪ እንዲጠቁምለት ማኅበሩን ጠይቆ ነበር። ከጎረቤት ከተማ ከጀውሃ የሚመላለሰው አባል ኸድር በሙያው የተመረቀ ነው፤ ሥራ ካጣም ሦስት ዓመቱ ነው። ጋሽ ካሳሁን ደግሞ የሚስታቸውን ወንድም ነበር ያሰቡት። ባለፈው ስብሰባ ዓይናቸውን በጨው አጥበው አንድ ካርድ ከፍ አደረጉና፣ ‹‹ይኸው፣ ስለ ፍርሃትና ጭንቀት የተጻፈውን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ተውሷል። ራሱ የታመመ ሰው ነው ልጆቻችንን የሚያማክረው?›› አሉ። ኸድር አቀርቅሮ ቀረ። ዛሬ የሚስታቸውን ወንድም የመጠቆሙ ውሳኔ ይጸድቃል።

‹‹ጋሼ፣ ይህን መጽሐፍ የወሰደ ሁሉ ታማሚ ነው ብለዋል አይደል?›› አለች ሂዳያ ሳትቀመጥ።

‹‹ብያለሁ። ጤነኛ ሰው ምን ሊያደርግለት?››

‹‹አልሐምዱሊላህ፣ ከአፍዎ ወጣ።››

ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። መቶ አሥሩም ካርድ ተበተነ። ቤተ መጻሕፍቱ ከመከፈቱ በፊት ጋሽ ካሳሁን ‹‹ልገምግማቸው›› ብለው መጻሕፍቱን በሙሉ ቤታቸው ወስደው ሁለት ወር አቆይተዋቸው ነበር። ያኔ ካርድ አልነበረም። ሂዳያ ትናንት በየካርዱ ላይ የጎደለውን ስም ሞላች።

ጸሐፊዋ፣ ጡረታ የወጡት ነርስ እትዬ በላይነሽ፣ መነጽራቸውን አጠለቁና ያነቡ ጀመር። ‹‹ስለ ቅናት፣ ካሳሁን። ስለ መጠጥ ሱስ፣ ካሳሁን። አልጋ ላይ ስለሚሸኑ ልጆች... ካሳሁን።››

አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

‹‹እኔ ለማወቅ ነው የወሰድኩት!›› ብለው ጮሁ ጋሽ ካሳሁን፣ ፊታቸው በላብ ርሶ።

‹‹ታዲያ ልጻፈው?›› አሉ እትዬ በላይነሽ ቃለ ጉባኤውን ገልጠው። ‹‹ኸድርም ለማወቅ ነው የወሰደው ብዬ?››

 ለድምፅ እጅ ወጣ፤ ኸድር ተጠቆመ።

ሰው ሲበተን ሂዳያ ፊቷ በርቶ ወደ ኸድር ሄደች። ‹‹እንኳን ደስ ያለህ!››

ኸድር ከተበተኑት መሃል የፍርሃቱን መጽሐፍ ካርድ ፈልጎ አነሳ። ስሙ ሦስት ቦታ፣ በሚያምር ጽሑፍ ተጽፏል።

‹‹ወላሂ ሂዳያ፣ እኔ ለማወቅ ብቻ አልነበረም የወሰድኩት›› አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ‹‹ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። እሱን ለማንም አልተናገርኩም። ካሳሁን አነበበው እንጂ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።››

ካርዱን እጇ ላይ አስቀምጦላት ወጣ።  ሂዳያ ተቀመጠችና፣ ከእሱ ካርድ ጀምራ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ቀደደቻቸው።