ዘር አንጠይቅም

ባነሩ ከተሰቀለ ወዲህ ሰው ዕቃውን ባንኮኒ ላይ ሳያስቀምጥ ደረቴን ያነባል።

ፒያሳ ባለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ። ባጄ ላይ «ፍዮሪ» ይላል። ድሮ ልብ የሚለው አልነበረም። አልፎ አልፎ አንዱ የየት አገር ስም እንደሆነ ሲጠይቀኝ «የጣሊያን፤ እንደ ማኪያቶ» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ማኪያቶን አገሩን ጠይቆ የጠጣ የለም።

ከዚያ አንዱ ጥበቃችን በትግርኛ ስልክ የሚያወራ ሰው ነጥሎ ሲፈትሽ ተቀረጸ። ቪዲዮው ሲዛመት የሱፐርማርኬቱ ባለቤት ጋሽ ሉልሰገድ በየቅርንጫፉ «ዘር አንጠይቅም፤ ሁሉም እኩል ነው» የሚል ባነር አሰቀሉ። ፌስቡክ ላይ ግማሹ እሰየው አለ። ግማሹ ለማን እንዳደሩ ታወቀ፣ ከእንግዲህ ጨው እንኳ አንገዛቸውም አለ። የአራዳ ልጆች ደግሞ ዘር አይጠይቁም፣ በር ላይ ደረሰኝ ግን ይጠይቃሉ እያሉ ይቀልዱብን ጀመር።

እናቴ ዘውዲ አልሳቀችም። እሷ አፍንጮ በር ቤታችን ውስጥ እንኳ ትግርኛ ስታወራ መስኮት ትዘጋለች፤ ከጦርነቱ የተረፈ ልማድ ነው። ስሙ ትግርኛ ተናጋሪ መሆናችንን ያሳብቃል ብላ ባጄን ኪሴ እንድከተው ለመነችኝ። ስሜ ምን አጠፋ ብዬ እምቢ አልኩ። አንገት መድፋት አልለመደብኝም።

ቅዳሜ ጋሽ ሉልሰገድ ካሜራማን አስከትለው ፊቴ ቆሙ። ገበያው ቀዝቅዞባቸዋል። ባነሩ ሥር ቆሜ ስሜንና ብሔሬን እንድናገር፣ ከዚያም እዚህ ቤት ማንም ዘሬን ጠይቆኝ አያውቅም ብዬ ፈገግ እንድል ነገሩኝ። ኮንትራቴ ሊያልቅ መድረሱንም እግረ መንገዳቸውን ጣል አደረጉ። ወረፋው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እሺ ካልኩ ነገ ታክሲ ውስጥ ሁሉ ፊቴን ያውቀዋል፤ ቀጥሎ የእናቴን በር። እምቢ ካልኩ እንጀራዬ ነው።

«ብሔርሽን ብቻ በይልን የኔ ልጅ፤ ሌላው ቀላል ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ እዚህ ቤት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አልኳቸው። «እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ወረፋው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሳቋን ማፈን አቃታት። ጋሽ ሉልሰገድ ቀና ብለው ባነሩን አዩት፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስል እስከ መጨረሻው አነበቡት። ካሜራማኑን በእጃቸው ምልክት ሰጥተው መለሱት። ስለ ኮንትራቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሳቸው ካሜራ ባይቀርጸኝም የሴትዮዋ ስልክ ቀርጾኛል። ምሳ ሳይደርስ ተለቀቀ። ጀግና ያሉኝ አሉ። ከሥሩ ደግሞ «ባጇን አጉልታችሁ እዩት» የሚል ነበረ፤ አጉልተውም አዩት።

የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ልወጣ ስል እናቴ ደወለች። አልተቆጣችኝም። በየት በኩል እንደምመጣ ብቻ ጠየቀችኝ፣ በአማርኛ። ስልክ ላይ በአማርኛ የምታወራኝ ስትፈራ ነው።

በእግሬ ወረድኩ። ባጄን አላወለቅሁም። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ሰው ሲበዛ ግን፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ ሳብኩት።